በእጅ ስልክ ስለሚታወጅ ገበያ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ መንገደኛ ባኮን ዐልፎ ሲሬ በደረሰ ጊዜ፣ ዕለቱ የገበያ ቀን የሆነ እንደ ሆነ፣ የመንገዱን ዳር በቆሎና ኑግ፣ ዳጉሳና ጤፍ፣ ማርና ቅቤ በተሸከመ ሰው ተሞልቶ ያገኘዋል። የሲቡ ሲሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከምሥራቅ ወለጋ ከተሞች ትልቋ አይደለችም፤ ነገር ግን በዋናው ጐዳና ላይ ስለ ተቀመጠች የገጠሩ እህልና የከተማው ሸቀጥ የሚገናኙባት ስፍራ ናት። በእንዲህ ያለው ገበያ ገዢና ሻጭ የሚተዋወቁት ከጥንት ጀምሮ በዐይንና በጆሮ ነው። ሻጩ ያለውን በፊቱ ዘርግቶ ዋጋውን በአፉ ይናገራል፤ ገዢውም እህሉን በእጁ ዘግኖ፣ አሽትቶና ቀምሶ ይከራከራል። ከመንግሥት የወጣ ቃል የነበረ እንደ ሆነም ዐዋጅ ነጋሪ በአደባባይ ቆሞ ይናገረው ነበር፤ ማን እንደ ላከው ሕዝቡ ሁሉ ያውቅ ነበርና ቃሉን የሚጠራጠር አልነበረም።

ዛሬ ግን የገበያው ጥሪ ከአደባባይ ተነሥቶ በሰው ኪስ ውስጥ ገብቷል። ሻጩ ሲሬን በዐይኑ ሳያያት ለሲሬ ሰው ይናገራል። ገበሬው ሞፈሩን ይዞ ሳለ በኪሱ ያለው ስልክ ይጮኽና ስለ ቅናሽ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ዕጣ ይነግረዋል። አደባባይ ላይ የተነገረውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ ይመሰክርበት ነበር፤ በስልክ የመጣውን ግን የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እውነት ይሁን ሐሰት የሚለየውም ብቻውን ነው። ስለዚህ ነገሩን መመርመር ለሹማምንትም ለካህናትም ተገቢ ይሆናል፤ ተታልሎ ገንዘቡን ያጣ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወይ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይ ወደ ነፍስ አባቱ ነውና።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ሥራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ተጀመረ። ያን ጊዜ አካሉ የማይታይ ሰው ድምፅ ሲሰማ፣ ከካህናቱ አንዳንዶቹ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ሠግተው እንደ ነበር ይነገራል። የእነዚያ አባቶች ፍርሃት ዛሬ ቢያስቅም፣ ፊቱን ያላሳየን ተናጋሪ መጠርጠር ፈጽሞ ስንፍና እንዳልነበረ የአሁኑ ዘመን ያሳያል። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የነበረውም አጭር መልእክት በ2000 ዓ.ም. መባቻ እንደ ገና ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እጅግ ፈጥኗል፤ በ2017 ዓ.ም. የበጀት ዓመት መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቍጥር ከ80 ሚሊዮን በላይ፣ በቴሌብር የሚገለገሉትም ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ሳፋሪኮም ሥራውን በይፋ ስለ ጀመረም፣ ሁለቱ ድርጅቶች ደንበኛ ለማግኘት የሚልኩት መልእክት ራሱ ብዙ ነው። ነጋዴ ይህን ያህል ጆሮ በአንድ ጊዜ አግኝቶ አያውቅም።

ይህ መሣሪያ ለገበሬው ጥቅም የለውም የሚል ቢኖር ይሳሳታል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የምርቱን ዋጋ በአጭር መልእክትና በ929 የስልክ ቍጥር ሕዝብ እንዲሰማው አድርጎ ነበር፤ ከዚያ በፊት ገበሬው ዋጋ የሚሰማው ከደላላ አፍ ነበርና። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት 8028 የተባለው መስመር ሲከፈት፣ ገበሬው ገንዘብ ሳይከፍል ደውሎ ስለ እርሻ ምክር እንዲሰማ፣ እርሱም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በትግርኛ ጭምር እንዲሆን ተደረገ። የበቆሎ ምርምር የሚካሄድበት የባኮ ጣቢያም ከሲሬ ሩቅ አይደለም። ቢ ኤች 660ን የመሰለ ምርጥ ዘር ለሚፈልግ ሰው፣ ዘሩ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ስለ መግባቱና ስለ ዋጋው አንዲት መልእክት ብትደርሰው፣ ዝናም ሳይቀድመው አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ታተርፍለታለች። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ በእግሩ ሲሬ ደርሶ «ዘሩ አልቋል» ተብሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው የዚህችን መልእክት ዋጋ ያውቃል።

ባለ ሱቁም እንደዚሁ ነው። የትንሽ ከተማ ነጋዴ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለማስነገር ዐቅም የለውም፤ ዐቅሙ ቢኖረውም በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ስለ ሲሬ ሚስማርና ቆርቆሮ ማወቁ ለምንም አይረባውም። ነገር ግን ይኸው ነጋዴ ዱቤ ሲሰጥ የደንበኛውን ስምና የስልክ ቍጥር በመዝገቡ ይጽፋል። ያ መዝገብ ሳያውቀው የማስታወቂያ መጽሐፍ ሆኖለታል። ቆርቆሮ በገባ ቀን ቤት እንደሚሠሩ ለሚያውቃቸው ለሃያ ሰዎች ብቻ ቢልክ፣ ለሺህ ሰው ከመጮኽ ይልቅ ይጠቅመዋል። ዘመናዊ ስልክ የያዙ ወጣቶች በበዙበት በነቀምቴ ደግሞ ነጋዴው በቴሌግራም የልብሱንና የጫማውን ሥዕል ከነዋጋው ያወጣል፤ ገዢው በቴሌብር ከፍሎ ዕቃውን በመኪና ያስመጣል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው እንኳ *127# ብሎ መክፈል ስለሚችል፣ ማስታወቂያና ክፍያ በአንድ መሣሪያ ላይ ተገናኝተዋል።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል፤ ይህ ለብዙ ሰው የተሰወረ ነው። አጭር መልእክት በአውሮፓ ሲታሰብ የተሰፈረው በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ በላቲን የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ግን ክፍተቱ ጭምር ተቈጥሮ 70 ብቻ ይይዛል። ከዚያ ያለፈው እንደ ሁለተኛ መልእክት ተቈጥሮ ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ ሒሳቡን የሚያሰላ ነጋዴ አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ የሚያነበው ሰውም ቃሉን እንደ እንቈቅልሽ ይፈታል። በእውነት ከታየ አንዱ የግእዝ ፊደል ብዙ ጊዜ የላቲኑን ሁለት ስለሚሸከም ኪሳራው ቍጥሩ እንደሚያስመስለው የከበደ አይደለም፤ ነገር ግን ፊደልን ለማዳን ሳንቲም ማውጣት ያልፈለገ ሰው ይህን ምክንያት አያጣም።

ከፊደል ይልቅ የሚከብደው ግን የቋንቋ ነገር ነው። የሲሬ ሕዝብ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ በስልኩ የሚደርሰው የንግድ መልእክት ግን ብዙው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በወለጋ የኦሮምኛ ንባብ አዲስ ነገር አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጅቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ያሳተመው፣ ያውም በግእዝ ፊደል፣ ኋላም በነቀምቴ ትምህርት ቤት ያቋቋመው፣ ሰው ነገርን የሚያምነው በአፉ በፈታበት ቋንቋ ሲሰማው ነው ብሎ ነው። ቴሌብር ኦሮምኛን ከመገልገያ ቋንቋዎቹ አንዱ ማድረጉ ይመሰገናል። አንዳንዱ ሻጭ ግን ገንዘብ ለመቀበል የሚጽፈው በትንሹ በአማርኛ ሲሆን፣ ደንበኛው መልእክቱን ለማቆም የሚታዘዘው «ስቶፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ እንዲልክ ነው። ለመግባት አንድ ቍልፍ መጫን የበቃው ሰው፣ ለመውጣት የውጭ አገር ቋንቋ መማር ግድ ሆነበት። እስኪያውቀው ድረስ ከሒሳቡ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቈረጣል፤ ስልኩ ሒሳብ ቶሎ የሚጨርሰው ተበላሽቶ እየመሰለው ወደ ጠጋኝ የሚወስድም አይታጣም።

ከዚህም የባሰው ማታለል ነው። «ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ ሽልማቱን ለመቀበል ይህን ያህል ገንዘብ ይላኩ» የሚለው መልእክት የታወቀ ሆኗል። አታላዩ የድርጅት ሠራተኛ መስሎ ደውሎ የቴሌብርን የምሥጢር ቍጥር ይጠይቃል። የማታለሉ ኀይል የሚመጣው ከእውነተኛው ነገር ጋር ስለሚመሳሰል ነው፤ ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ወደ 8100 መልእክት በመላክ ገንዘብ ሲዋጣ በእርግጥ ሽልማት ያለው ዕጣ ይወጣ ነበርና፣ ሰው ሁለተኛውን ጥሪ ቢያምን ሞኝ ሊባል አይገባውም። ብልህ የሆነውም ሰው አንድ ጊዜ ከተታለለ በኋላ የሚመጣለትን መልእክት ሁሉ ሳያነብ ያጠፋል። ሐሰተኛው ከእውነተኛው ጋር አብሮ ይጠፋል፤ የዘሩ መግባትም፣ የክትባቱ ቀንም፣ የባለ ሱቁ ቅናሽም። ስለዚህ የአታላዩ ዕዳ የሚወድቀው በሐቀኛው ነጋዴ ላይ ነው።

የስልክ ቃል መታመኑ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ከታኅሣሥ መጨረሻ አንሥቶ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በምሥራቅ ወለጋም ስልክ በታላላቆቹ ከተሞች ብቻ ተወስኖ በነበረ ጊዜ፣ ዋጋ የሚጠይቅና ዕቃ የሚያዝዝ ሰው እንደ ገና በእግሩና በመልእክተኛ መሥራት ነበረበት። መስመሩ በተመለሰ ሰሞን ደግሞ የኮሮና በሽታ ገብቶ ስለ ነበር፣ ሰው በደወለ ቍጥር በመጥሪያው ድምፅ ፋንታ እጅን ስለ መታጠብ የሚመክር ቃል ይሰማ ነበር። አንዱ መሣሪያ በአንዱ ወር ዝም ብሎ በሌላው የነፍስ ጠባቂ ሆነ። የሽንገላ መልእክት የለመደ ጆሮ ግን እንዲህ ያለውንም ምክር እንደ ሻጭ ጩኸት ቈጥሮ ሊንቀው ይችላል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 958/2008፣ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመሸጥ ሲባል የተቀባዩ ፈቃድ ሳይኖር ማስታወቂያ ማሰራጨትን የሚያስቀጣ አድርጎታል፤ ላኪው እውነተኛ ማንነቱንና አድራሻውን የገለጸ፣ ተቀባዩም ዳግመኛ እንዳይላክበት ቀላል መንገድ ያገኘ እንደ ሆነ ግን ይለቀዋል። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016ም በዚያው ላይ ተጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ራሱ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. የወሰነው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በዚያም ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ለሰው የንግድ መልእክት መላክ ተከልክሏል። የጐደለው የሕጉ ቃል ሳይሆን ቃሉ ከነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ ሲሬ መድረሱ ነው። የወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሲያድስ ለነጋዴው ይህን ሕግ በኦሮምኛ ቢያነብለት፣ ለአንድ ሰው ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅበትም። ካህኑም ሕዝቡ በተሰበሰበ ጊዜ የምሥጢር ቍጥር ለማንም እንደማይነገር፣ ሽልማት ለመቀበል ገንዘብ ላክ የሚል ሁሉ ሌባ እንደ ሆነ፣ የኢትዮ ቴሌኮምን ቃል የሚጠራጠርም ወደ 994 ደውሎ ማረጋገጥ እንደሚችል ቢናገር፣ መልእክቱን ያላነበበውም ሰው ይሰማዋል።

«ቀላል መንገድ» የተባለው ለማን ቀላል እንደ ሆነ ግን በግልጥ መወሰን ይገባዋል። ለአዲስ አበባ ጸሓፊ ቀላል የሆነው ለሲሬ ገበሬ ቀላል አይደለም። ድርጅቶቹ «ስቶፕ» ከሚለው ጋር «ዻቢ» የሚለውን የኦሮምኛ ቃልና «አቁም» የሚለውን አማርኛ፣ ማንበብ ለማይችለውም አንዲት ቍጥር መጫንን እንዲቀበሉ ቢታዘዙ፣ ሥራው ለመሐንዲሶቻቸው የሚከብድ አይደለም። የሲሬው ባለ ሱቅ በበኩሉ እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልገውም። በዱቤ መዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ የስልክ ቍጥር ጐን አንዲት ጠባብ መስመር ያስምር፤ ደንበኛው ዕዳውን ሊከፍል በመጣ ጊዜ «ዕቃ ሲገባ በስልክ ልንገርዎት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በዚያች መስመር ውስጥ ይጻፍ፤ መልእክት ሲልክም በመጀመሪያ የሱቁን ስም፣ ቀጥሎ ዕቃውንና ዋጋውን፣ በመጨረሻም ዋጋው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና ያስቀምጥ። ይህ ሁሉ በ70 ምልክት ይጠቃለላል።