የቪየናው ጎማ፦ የሚባለውና የሆነው

አጋሮ ውስጥ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ዥዋዥዌ ገመዱ ሲያልቅ በሌላ ይተካል፤ ልጆቹ ግን ዥዋዥዌው ተለወጠ አይሉም። ኦስትሪያ፣ ቪየና ከተማ፣ ፕራተር በሚባለው መዝናኛ ስለሚሽከረከረው ግዙፍ ጎማ የሚወራውን ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«የዓለም የመጀመሪያው ነው» ይባላል። አይደለም። ጆርጅ ፌሪስ 80 ሜትር የሚደርሰውን ጎማ ቺካጎ ላይ ያቆመው በ1893 ነው። የቪየናውን፣ ወደ 65 ሜትር የሚጠጋውን፣ እንግሊዛዊው ዋልተር ባሴት የሠራው በ1897 ነው፤ ከአድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

«ብረቱ ከታች ሆኖ ከላይ ያለውን ተሸክሟል» የሚሉም አሉ። ይህም ልክ አይደለም። ብስክሌት ያለው ሰው አሠራሩን በቀላሉ ይረዳዋል፦ እንደ ብስክሌት ጎማ ቀጫጭን ሽቦ፣ የብረት ገመዶቹ ክቡን ከመሃሉ ጋር ወጥረው ይይዙታል።

ትልቁ ተረት ግን «ተወዶ፣ ተከብሮ እዚህ ደረሰ» የሚለው ነው። በ1916 እንዲፈርስ ፈቃድ ወጥቶለት ነበር። የተረፈው ለማፍረሻ የሚሆን ገንዘብ በመጥፋቱ ነው! እኩዮቹ ያን ያህል ዕድለኛ አልነበሩም። የቺካጎው በ1906 በድማሚት ተደረመሰ፤ የለንደኑ በ1907 ተነቀለ፤ የፓሪሱም በ1920 ተከተላቸው። የቪየናውን ያዳነው ድህነት ነው ብል አላጋንንም።

«እንደተሠራ አለ» ማለትም ስህተት ነው። ሲሠራ ሰው የሚሳፈርባቸው 30 ሳጥን መሰል ክፍሎች ነበሩት። በ1938 ናዚዎች ከአይሁዳዊው ባለቤቱ ከኤድዋርድ ሽታይነር ነጠቁት፤ ሰውየውም በ1944 አውሽቪትዝ ውስጥ ተገደለ። በዚያው ዓመት ጎማውም ተቃጠለ። በ1947 እንደገና ሲዞር የተመለሱለት ክፍሎች 15 ብቻ ነበሩ፤ የተጎዳው ብረት ክብደቱን ሁሉ ይችላል ተብሎ አልታመነም። ታዲያ የቪየና ሰው «ይሄ የድሮው አይደለም» ብሎ አልተወውም። እየጠገነ ይሳፈርበታል።

ይህን ለአጋሮ አንባቢ የማነሳው ጅሬን ቅርባችን ስለሆነ ነው። እዚያ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ነው፤ እንጨት ደግሞ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይበላዋል። የበሰበሰው ሲቀየር አይቶ «አሁንማ ቅርስነቱ ቀረ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ስለ 15ቱ ክፍሎች አጫውቱት።