በሕግ ነጻ የሆነ ጽሑፍ በአቀማመጡ ስለ መታሰሩ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ ከተሞች ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። የክልላቸው ሕግ የሚታወጅበት መገለተ ኦሮሚያ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲታተም ኖሯል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይፋ የሆኑ የሕግ ጽሑፎችን ከነትርጉማቸው ከቅጂ መብት ጥበቃ ውጭ አድርጓል። ስለዚህ ማናቸውም ሰው ሕጉን ቢያባዛ ፈቃድ መጠየቅ አያሻውም። ይሁን እንጂ መብቱ በሥራ ላይ የሚውለው የሰነዱ አቀማመጥ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ኦሮምኛው የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል በመሆኑ በየትኛውም ኮምፒዩተር ሳይለወጥ ይነበባል። የአማርኛው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። የአማርኛ ፊደል ከ200 በላይ ምልክቶች ሲኖሩት፣ የቀድሞው ኮምፒዩተር ለአንድ የፊደል መደብ የሚሰጠው ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር። በዚህም ምክንያት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት መጻፊያዎች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዓት፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝን ፊደል ቅርጽ አኖሩ። በአንደኛው የተጻፈ ሰነድ ያ የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል።

እንዲህ ያለ ሰነድ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ የጽሕፈት ቤት ቢመጣ፣ ጸሐፊው ያንኑ መጻፊያ መፈለግ፣ አለዚያም ከወረቀቱ እያየ እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ «ይከፍላል» የሚለው «ይከፈላል» ተብሎ ቢጻፍ፣ በአንዲት ፊደል ስሕተት ከፋዩ ተቀባይ ሊሆን ይችላል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን በቋሚ ቁጥር መድቧል። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በራሱ አይለወጥም፤ እንደ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተቀመጠ ገጽም ቢነበብ እንኳ ቃል ሊፈለግበት ወይም ሊታረም አይቻልም።

ደራሲዎች በፈቃዳቸው ለሕዝብ በለቀቋቸው ሥራዎችም ጉዳዩ ያው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የግኑ ነጻ የሰነድ ፈቃድ ይህን አስቀድሞ በመገንዘብ፣ ለማረም በማይመች አቀማመጥ ከ100 በላይ ቅጂ የሚያሠራጭ ሰው በቀላሉ የሚታረመውንም ቅጂ አብሮ እንዲያቀርብ ወይም የሚገኝበትን የኮምፒዩተር መረብ አድራሻ እንዲገልጽ ያዛል። ሕግ አውጪ መሥሪያ ቤቶችም ከታተመው ጋዜጣ ጋር በዩኒኮድ የተጻፈውን ሰነድ፣ በማናቸውም መጻፊያ ሊከፈት በሚችል አቀማመጥ፣ ቢያወጡ አዋጁ የሰጠው ነጻነት እስከ ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ይደርሳል።