በገደል ግድግዳ ላይ የተጻፈ የውኃ ሒሳብ

በሰሜን አሜሪካ፣ የዩታና የአሪዞና ግዛቶች በሚዋሰኑበት በረሃማ አምባ ውስጥ፣ የኮሎራዶ ወንዝ ለሚሊዮኖች ዓመታት ሲሸረሽረው የኖረ ግሌን ካንየን የሚባል ጥልቅ ሸለቆ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 የግድቡ በሮች ሲዘጉ ውኃው በሸለቆው ውስጥ መተኛት ጀመረ፤ እስኪሞላም 17 ዓመታት ፈጀ። በ1980 የሐይቁ ርዝመት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የገጹ ስፋት ደግሞ 650 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሐይቁ ፓወል ይባላል፤ አንድ እጁን በጦርነት ያጣውና በ1869 ወንዙን በእንጨት ጀልባ የወረደው ጆን ዌስሊ ፓወል መታሰቢያው ነው። (ፓወል ያደነቀው ሸለቆ ግን ከዚህ መታሰቢያ በታች ሰጥሟል።)

በዚህ ጽሑፍ አንባቢያችንን ለአንድ ቀን በጀልባ አሳፍረን፣ ከግድቡ አጠገብ ካለው ከዋሁዊፕ ወደብ ተነሥተን ቀስተ ደመና ድልድይ እስከሚባለው የተፈጥሮ ቅስት፣ በውኃ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ልንወስደው አስበናል። መልክዓ ምድሩ ውብ ነው። እኛ ግን የምንሻው አንድ ነገር ነው፤ በዓይናችን ብቻ እየተረዳን ሐይቁ ምን ያህል ውኃ እንደጎደለበት ማንበብ።

ጉዞው በማለዳ ቢጀመር ይመረጣል። ጀልባ ሁሉ ከኋላው የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ሞገድ ይጎትታል። ሞገዱ ዝርግ አሸዋማ ዳርቻ ሲያገኝ ተሰብሮ ኢነርጂውን እዚያው ይጥላል፤ ቀጥ ያለ ገደል ሲያገኝ ግን ብዙም ሳይቀነስ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የሄደውና የተመለሰው በተገናኙበት ቦታ ከፍታቸው ይደመራል። ስለዚህ በጠባቡ መተላለፊያ ብዙ ጀልባዎች ካለፉ በኋላ፣ ነፋስ ባይኖርም እንኳ፣ ውኃው እንደ ፈላ ድስት ሲናጥ ይውላል።

ግድግዳው የናቫሆ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከ190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነፋስ ያከመረው የበረሃ አሸዋ ሲሆን፣ በላዩ የሚታዩት ሰያፍ መስመሮች የጥንቶቹ የአሸዋ ኮረብታዎች ተዳፋት ናቸው። ቅላቱም ከብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ከዝገት የመጣ ነው።

የእኛ ጉዳይ ከቀዩ ድንጋይ በታች ያለው ነው። ከውኃው ገጽ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ላይኛው ጫፉ በውኃ ልክ የተሠመረ ያህል ቀጥ ያለ ነጭ ቀበቶ ሸለቆውን ይዞረዋል። ውኃው የሟሟ ካልሲየም ስላለበት በነካው ድንጋይ ላይ ካልሲየም ካርቦኔት ትቷል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ከሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ጋር አንድ ነው። የቀበቶው ጫፍ የሙሉ ሐይቅ ምልክት ስለሆነ፣ ከዚያ እስከ ውኃው ያለው ቁመት የጎደለው ጥልቀት ነው። ከ2000 ወዲህ በደረሰው ረዥም ድርቅና ሙቀት የተነሣ፣ ይህ ቁመት በ2023 መጀመሪያ 55 ሜትር ደርሶ ነበር።

እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። በግድቡ ዘንድ የሙሉው ሐይቅ ጥልቀት 170 ሜትር ገደማ ነው፤ 55 ሜትር ቢጎድልለት ሁለት ሦስተኛው ቀርቷል ማለት ነው። ታዲያ ከውኃውም ሁለት ሦስተኛው ይቀራልን? አይቀርም። ሸለቆ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይጠብባል፤ የወንዙ ወለል ደግሞ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ ውኃው ሲወርድ ሐይቁ ያጥራል። ጥልቀት፣ ወርድና ርዝመት ሦስቱም አብረው ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሁለት ሦስተኛን ሦስት ጊዜ በራሱ ብናባዛው 8 ሃያ ሰባተኛ፣ ማለትም 30 በመቶ ገደማ እናገኛለን። በዚያን ጊዜ በይፋ የተነገረው 22 በመቶ ገደማ ነበር። ልዩነቱ በከፊል ከሸለቆው ቅርጽ የመጣ ነው፤ ሰፋፊዎቹ ወሽመጦች ያሉት ከላይ ነውና። በከፊል ደግሞ ይፋዊው አሐዝ ከዝቅተኛው መውጫ በታች ያለውን፣ ሊወጣ የማይችለውን ውኃ ስለማይቆጥር ነው። የላይኛው አንድ ሜትር ብቻውን 650 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንደሚይዝ ከገጹ ስፋት ማስላት ይቻላል።

የኮሎራዶ ወንዝ 40 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ውኃ ይሰጣልና ነገሩ የመማሪያ ክፍል መልመጃ ብቻ አይደለም። ከ170 ሜትር ከፍታ የወረደ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ብክነት ባይኖር 0.46 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ከ115 ሜትር ሲወርድ ግን 0.31 ብቻ። ውኃው ተጨማሪ 9 ሜትር ወርዶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ተርባይኖቹን ማስቆም ግድ ይሆን ነበር። ገንዳ ሲፈስስ በቀዳዳው ላይ የሚታየው ዓይነት ሽክርክሪት አየር ወደ ቧንቧው ይስባል፤ አየር የገባበት ውኃም የተርባይኑን ብረት ይጎዳል። የ2023 የበረዶ ውኃ ደርሶ ሐይቁን ከፍ አደረገው።

ስሌቱ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2009 የተመረቀው፣ 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ እንዲሁ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የቆመ ቅስት ግድብ ነው። የሦስትዮሽ ብዜቱ እዚያ ምን ያህል እንደሚሠራ ተማሪዎቻችን ከካርታ ላይ ቢፈትኑት ደስ ይለናል።

ከጀልባ ላይ የማይታይ ሌላም ጉዳት አለ። በበጋ ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ንብርብር ብቻ ነው፤ ሞቃት ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። የተርባይኖቹ ቧንቧ አፍ ከሙሉው ሐይቅ ገጽ 70 ሜትር በታች ስለነበር፣ ለአሥርታት ከግድቡ የሚወጣው ውኃ ቀዝቃዛ ነበር። ገጹ 55 ሜትር ሲወርድ ግን አፉ ከገጹ በ15 ሜትር ብቻ ራቀ። በ2022 ሞቃቱ ንብርብር በቧንቧው ማለፍ ጀመረ፤ ከርሱም ጋር ስሞልማውዝ ባስ የሚባለው አዳኝ ዓሣ አልፎ ከግድቡ በታች ሲራባ ተገኘ። በታችኛው ግራንድ ካንየን የሚኖረውና በሌላ ስፍራ እምብዛም የማይገኘው ሃምፕባክ ቸብ የተባለ ባለ ጉብታ ዓሣ ለዚህ አዳኝ ምግብ ነው። በእኛ ግምት ከጠፋው ኤሌክትሪክ ይልቅ ይህ ለመመለስ ይከብዳል።

አሁን ጀልባችን ወደ ጎን ሸለቆው ገብታለች። ቀስተ ደመና ድልድይ 88 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ቅስት ሲሆን ናቫሆዎችና ሌሎች የአካባቢው ሕዝቦች በቅድስና ያከብሩታል፤ ስለዚህ ጎብኚዎች ከሥሩ እንዳያልፉ ይጠየቃሉ። ሐይቁ ሲሞላ ውኃው እስከ ቅስቱ ሥር ይገባ ነበር። በጎደለባቸው ዓመታት ግን መንገደኛው ከመድረኩ ወርዶ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ይሄዳል፤ ነጩም ቀበቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከራሱ በላይ ይከተለዋል።