የቆሽት ካንሰርና ድንገተኛ የሆድ ሕመም፦ ተረትና እውነታ

ተረት፦ «እስከ ትናንት ደህና ነበር፤ ካንሰሩ በአንድ ሌሊት መጣበት።»

እውነታው፦ ድንገተኛው መዘዙ እንጂ ካንሰሩ አይደለም። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪው ፊት የተኛ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም አካል ነው። እዚያ የበቀለ ዕጢ በእጅ አይዳሰስም፤ ለረጅም ጊዜም ላያምም ይችላል። ሲያድግ ግን በዙሪያው ያሉትን መተላለፊያዎች ይዘጋል። የሐሞት ቱቦን ሲጫን ዓይን ቢጫ ይሆናል። የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሲዘጋ በሽተኛው የበላውን ሁሉ ያስመልሳል። የቆሽቱን የራሱን ቱቦ ሲዘጋ ቆሽት ይቆጣና ከባድ ሕመም ይነሳል። ከጣፊያ የሚመጣው የደም ሥር ከተደፈነ ደግሞ የጨጓራ ደም ሥሮች ያብጡና አንድ ቀን ደም ያስመልሰዋል። ቤተሰብ ያንን ቀን የበሽታው መጀመሪያ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አንዳንዱም የተወጋውን መርፌ ይወቅሳል። ዕጢው ግን ከዚያ ብዙ አስቀድሞ ጀምሯል።

ተረት፦ «ዓይኑ ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ነው፤ የባህል መድኃኒት ጠጥቶ ይድናል።»

እውነታው፦ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቢጫነት ከጉበት ቫይረስ፣ ከሐሞት ጠጠር ወይም በቆሽት ራስ ላይ ከበቀለ ዕጢ ሊመጣ ይችላል። የሐሞት መንገድ ሲዘጋ ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ቆዳም ያሳክካል። ስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ኩርቮዚየር እ.ኤ.አ. በ1890 እንዳስገነዘበው፣ ዓይኑ ቢጫ በሆነ ሰው ላይ የሐሞት ከረጢቱ ያለ ሕመም አብጦ ከተዳሰሰ መንስኤው ጠጠር የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። ሕመም የለሽ ቢጫነት እንግዲህ የሚያጽናና ምልክት አይደለም። ከቢጫነቱ ጋር የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ከተነሳ በተዘጋው ቱቦ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የባህል መድኃኒቱ እስኪሠራ እየተባለ የሚያልፈው ሳምንት በሽተኛውን ያዳክመዋል፤ ጉበትን ራሱን የሚጎዱ ቅጠሎችም አሉ።

ተረት፦ «ጨጓራ ነው።»

እውነታው፦ አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ጨጓራ ነው፤ ማንም በከንቱ እንዳይደነግጥ። ነገር ግን ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ በጀርባ ሲተኙ የሚብስ፣ ጎንበስ ሲሉ ቀለል የሚል ሕመም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ስኳር በድንገት ከተገኘ፣ ሌላ ዙር የጨጓራ መድኃኒት (ኦሜፕራዞል) ከመጀመር በፊት ሐኪም ቆሽትን ማየት አለበት። አልትራሳውንድ «ምንም የለም» ቢልም ነገሩ አላበቃም። የአንጀት አየር ቆሽትን ይሸፍነዋል፤ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት የሚነሳ ሲቲ ስካን የተሻለ ያሳያል።

ተረት፦ «ቢላ ከነካው ይሰራጫል።»

እውነታው፦ ሆዱ ተከፍቶ ዕጢው ሳይወጣ የተዘጋለት ሰው ብዙ ሳይቆይ ሲሞት ያየ ቤተሰብ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ካንሰሩ ግን የተሰራጨው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ሲታወቅ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው የሚችሉት ከ100 በሽተኞች ከ15 እስከ 20 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ለእነዚህ ደግሞ የመዳን ዋናው ዕድል ያው ቢላ ነው።

ተረት፦ «ከተሰራጨ ሐኪም ቤት ምን ያደርግለታል?»

እውነታው፦ ብዙ ያደርጋል። በተዘጋው የሐሞት ቱቦ ውስጥ በኢንዶስኮፒ ስቴንት (ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቧንቧ) ሲገባ ቢጫነቱና ማሳከኩ ይቀንሳል። ጨጓራን ከተዘጋው ቦታ በታች ካለው የትንሹ አንጀት ክፍል ጋር በማገናኘት ሰውየው እንደገና እንዲበላ ማድረግ ይቻላል። ሞርፊን ሕመሙን ያስታግሳል፤ ሱስ ይሆንበታል ብሎ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ያለን ሰው ከእሱ መከልከል ጭካኔ ነው። አቅሙ ለፈቀደ ኬሞቴራፒ ዕድሜን በወራት ሊያራዝም ይችላል። ከእነዚህ የትኛውን እንደሚፈልግ መጠየቅ ያለበት በሽተኛው ራሱ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ሐኪሙን በኮሪደር ጠርቶ «እባክዎ እንዳይነግሩት» ከማለቱ በፊት፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እሱን ይጠይቀው።