ሙቀት ቀድሞ የሚያደክመው የቅጠል ረዳት

ሀደሮና አካባቢዋ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ዝንጅብል ነው። የከምባታ አርሶ አደር ከዝንጅብሉ ጎን እንሰት፣ ቡና፣ ቦሎቄ፣ በቆሎና ጤፍ ያለማል፤ ወደ ደጋው ከፍ ሲባል ደግሞ ስንዴና ገብስ ይበዛል። ዝንጅብሉን ክፉኛ የጎዳው የአጠውልግ በሽታ በዓይን የሚታይ ነበር። ሙቀት የሚያደርሰው ጉዳት ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይገለጥም። ቅጠሉ እንደለመለመ፣ አፈሩም እርጥበት እያለው፣ ተክሉ ምግብ ማዘጋጀቱን ሊቀንስ ይችላል።

ተክሎች በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከአየርና ከውኃ ምግባቸውን የሚያዘጋጁበት ሂደት ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል። በዚህ ሂደት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ተቀብሎ ወደ ስኳር መሥሪያው መንገድ የሚያስገባው ሩቢስኮ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሩቢስኮ ዘገምተኛ ሠራተኛ ነው፤ አንዱ የሥራ ቦታው በሰከንድ የሚያስተናግደው ሦስት ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎችን ብቻ ነው። ስለዚህ ተክሉ በብዛት ያመርተዋል። እንደ ስንዴ ባሉ ሰብሎች ቅጠል ውስጥ ከሚሟሟው ፕሮቲን እስከ ግማሽ የሚደርሰው እርሱ ነው።

ሩቢስኮ ሌላም ድክመት አለበት። አንዳንድ የስኳር ሞለኪውሎች የሥራ ቦታው ላይ ተጣብቀው ይዘጉታል። ወፍጮ አፉ ላይ እህል ተጠቅጥቆ ሲቆም እንደማለት ነው። ቦሎቄማ ሌሊት ሩቢስኮን የሚዘጋ ልዩ ሞለኪውል ራሱ ያዘጋጃል፤ ሲነጋ መዝጊያው መነሳት አለበት።

ይህን የሚያነሳው ሩቢስኮ አክቲቬዝ የተባለ ረዳት ፕሮቲን ነው። ረዳቱ እንደ ቀለበት ተሰብስቦ፣ የሕዋሱን ኃይል እየተጠቀመ ሩቢስኮን ጎተት በማድረግ የተጣበቀውን ያስለቅቃል። ፍንጩ የተገኘው ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካልተሰጠው በቀር ማደግ ከማይችል አንድ ትንሽ የቤተ ሙከራ ተክል ነው። ሳልቩቺ፣ ፖርቲስና ኦግሬን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኢሊኖይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1985 ረዳቱን ለይተው አሳወቁ።

የአርሶ አደሩ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሩቢስኮ ራሱ ሙቀትን በደንብ ይቋቋማል፤ ረዳቱ ግን ቀድሞ ይዝላል። ረዳቱ ሲደክም የተዘጋው ኢንዛይም የሚከፍተው ያጣል። ሙቀት ሲጨምር ሩቢስኮ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን የሚይዝበት ጊዜም ስለሚበዛ ኪሳራው ይደራረባል። በቆሎና ጤፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቅጠላቸው ውስጥ አከማችተው ለሩቢስኮ ስለሚያቀርቡ ሙቀትን ከስንዴና ከቦሎቄ በተሻለ ይችሉታል።

ረዳቱ ጥላና ፀሐይ በሚፈራረቁበት ጊዜም ያስፈልጋል። የላይኛው ቅጠል የጋረደው የታችኛው ቅጠል ድንገት ፀሐይ ሲያገኝ፣ ሩቢስኮው እስኪነቃ ደቂቃዎች ይወስዳል። በስንዴ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ይህ መዘግየት ተክሉ ሊሰበስብ ከሚችለው ካርቦን ቢያንስ 21 በመቶውን ሊያሳጣው እንደሚችል አስልቷል።

ተመራማሪዎች መፍትሔ እየፈለጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ምርምር ሙቀት እንዲቋቋም የተሻሻለ ረዳት የተሰጠው የቤተ ሙከራ ተክል በመጠነኛ ሙቀት የተሻለ እንዳደገ አሳይቷል። በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረጉት ሥራ ደግሞ በስንዴ ረዳት ፕሮቲን ውስጥ የአንዲት አሚኖ አሲድ ለውጥ ብቻ ሙቀት የመቋቋም አቅሙን እንደሚቀይር አመልክቷል። በመስኖ ስንዴን እንደ አዋሽ ተፋሰስ ወዳሉ ቆላማ አካባቢዎች ላስፋፋችው ኢትዮጵያ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው።

እስከዚያው በአርሶ አደሩ እጅ ያለው ዘዴ ቅጠሉን ከከባድ ሙቀት መጠበቅ ነው። በቂ ውኃ ያገኘ ተክል በትነት ቅጠሉን ያቀዘቅዛል። ጉዝጓዝ እርጥበቱን ያቆያል፤ የጥላ ዛፍ ለቡና የቀትሩን ግለት ያበርዳል። በወቅቱ መዝራትና ለአካባቢው የሚስማማ ዝርያ መምረጥም ሰብሉ አበባ የሚይዝበት ጊዜ ከሙቀቱ ጋር እንዳይገጥም ያግዛል። በሞቃት ወቅት ምርት ሲያንስ ጥፋቱን ሁሉ በማዳበሪያ እጥረት ላይ ከመጣል በፊት፣ ቅጠሉ ውስጥ የዛለውን ይህን ረዳት ማሰብ ተገቢ ነው።