የማይታየውን በምሳሌ ማመልከት፦ ከላስታው ዐምድ እስከ ወሎ መንዙማ

ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ የዘለቀ ሰው በቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ዐምድ ያያል። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅስትና ጣሪያ በሥዕልና በቅርጽ ያጌጠ ነው፤ ዐምዱ ግን አይገለጥም። በአካባቢው ትውፊት መሠረት በላዩ ያለው ምስጢር ለዐይን የተፈቀደ አይደለም። ሥዕል በሞላበት ቤት እንኳ የማይታየው በመሸፈን ተመለከተ።

የእኛ መስጂዶች ሥዕል ባያውቁም ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። ተማሪዎቻችን፣ «መንዙማ በብርሃንና በጨረቃ ሲመስል ተውሒድን አይነካምን?» እያሉ ይጠይቃሉ። መልሱ የሚጀምረው ሁለት ዓይነት ስውር ነገሮችን ከመለየት ይመስለናል።

የመጀመሪያው ዐይን ፈጽሞ የማይደርስበት የአላህ (ሱ.ወ.) ዛት ነው። ሱረቱ ሹራ (42፡11) ለእርሱ ምንም አምሳያ እንደሌለው ትናገራለች፤ ሱረቱ ኑር (24፡35) ደግሞ ለብርሃኑ ፋኖስን፣ ብርጭቆንና የወይራ ዘይትን በምሳሌነት ታቀርባለች። አያዎቹ አይጋጩም። ብዙ ሙፈሲሮች ምሳሌውን የተረዱት በሙእሚን ልብ ውስጥ ስለሚያድረው የሂዳያ ብርሃን እንደተነገረ ነው። ምሳሌው የሚያሳየው ሥራን እንጂ መልክን አይደለም።

ሁለተኛው በዘመኑ የታየ፣ ከእኛ ግን የተሰወረ ነው፤ ይኸውም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገጽታ። ሶሓቦች ያዩትን ተናገሩ፤ ኢማም ቲርሚዚ (በ279 ዓ.ሂ. ያረፉት) በሸማኢል ኪታባቸው ሰበሰቡት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኦቶማኑ ኻጣጥ ሓፊዝ ዑስማን የዐሊይን (ረ.ዐ.) ገለጻ በክብ ውስጥ ጻፈው። ሠዓሊ ፊትን በሚያኖርበት ስፍራ እርሱ ቃልን አኖረ። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አናውቅም።

የወሎ ሸይኾችም በዐረብኛ ፊደል በጻፉት አማርኛ ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር የኖሩት የ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ባስከተለው የሃይማኖት ግዳጅ ዘመን ነው። እንዲህ ባለ ዘመን ብርሃን ጌጥ ብቻ አይደለም። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት በደጋ ገደል ዳር የሄደ አድማጭ ነቢዩ በጨረቃ ሲመሰሉ የሚያስበው ክብ ፊትን ሳይሆን መንገድን ነው።

ስለዚህ መምህሩ ስንኙን ይዞ፣ «ጨረቃ ምን ትመስላለች?» ሳይሆን «ጨረቃ ለመንገደኛ ምን ታደርግለታለች?» ብሎ ይጠይቅ። ለፍጡር የአላህን ባሕርይ የሚሰጥ ስንኝ ቢያጋጥም ግን፣ ገጣሚው የቱንም ያህል ቢከበር፣ ምሳሌ ነው ተብሎ አይታለፍም። ይህን ልዩነት ደረሳው በአንደኛው ዓመት ቢሰማው እንመርጣለን፤ ዜማው ከትርጉሙ ቀድሞ በልቡ ይገባልና።