የመስኖ ውኃ ፍላጎት ትንበያ በወላይታ ዞን፦ እንዴት ይሠራል? አርሶ አደሩስ ምን መረጃ ሊሰጥ ይገባል?

የወላይታ ዞን በሁለት ተፋሰሶች ላይ ያረፈ ነው። የዞኑ ምዕራባዊ ክፍል ወደ ኦሞ ወንዝ የሚፈስ በመሆኑ በኦሞ ጊቤ ተፋሰስ ውስጥ ይገኛል። ምሥራቃዊው ክፍል ደግሞ በብላቴ ወንዝ አማካይነት ወደ አባያ ሐይቅ የሚፈስ ሲሆን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ አካል ነው። ብላቴ ወደ ወላይታ ከመድረሱ በፊት ሃላባን አልፎ ስለሚመጣ፣ በላይኛው ተፋሰስ የሚጠለፈው ውኃ በታችኛው ተፋሰስ ያለውን አርሶ አደር ድርሻ በቀጥታ ይነካል። የውኃ ፍላጎት ትንበያ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ትንበያው እንዴት ይሰላል?

ስሌቱ የሚጀምረው ከአየር ጠባይ ነው። የሙቀት፣ የእርጥበት፣ የነፋስና የፀሐይ ብርሃን መረጃ ተወስዶ ከመሬትና ከተክል በቀን የሚተነው ውኃ ይገመታል። ይህም እንደ ሰብሉ ዓይነትና ዕድገት በሚለዋወጥ ቁጥር ይባዛል። ለምሳሌ ለበቆሎ ቁጥሩ በቡቃያነቱ ወደ 0.3፣ በአበባ ወቅት ደግሞ ወደ 1.2 ይደርሳል። ከውጤቱ ላይ ሰብሉ ከዝናብ የሚያገኘው ውኃ ይቀነሳል።

በበጋ ወራት የቀኑ ትነት 5 ሚሊ ሜትር ነው ቢባል፣ ያበበ በቆሎ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል። ይህም በአንድ ሄክታር 60 ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። ከሚጠለፈው ውኃ ግማሹ በአፈር ቦይ ውስጥ የሚባክን ከሆነ፣ ከወንዙ መጠለፍ ያለበት 120 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ ለ100 ሄክታር ደግሞ በቀን 12,000 ሜትር ኪዩብ ያስፈልጋል።

የዓመቱ ድምር ብቻውን በቂ አይደለም። ወንዞች በክረምት ሞልተው ቢፈስሱም፣ የመስኖ ፍላጎት የሚበረታው ውኃቸው በሚቀንስበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ትንበያው በየወሩ፣ ቢቻል በየአሥር ቀኑ ተከፋፍሎ ሊሠራ ይገባል።

የአርሶ አደሩ መረጃ ለምን ያስፈልጋል?

የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል። በውኃ ለመጠቀምም ፈቃድ ማውጣትን ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ባህላዊ መስኖና በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ይህ ለአነስተኛ አርሶ አደር የተሰጠ መብት ነው። ሆኖም ፈቃድ የሌለው አጠቃቀም በፈቃድ መዝገብ ላይ ስለማይታይ፣ ባለቤቱ ካላሳወቀ በስሌቱ ሳይካተት ሊቀር ይችላል። ያልተቆጠረ ማሳ ሲበዛ ለአዳዲስ ተጠቃሚዎች ከሚገባው በላይ ውኃ ይደለደላል፤ ጉዳቱም በቦዩ ጫፍ ላይ ባለው አርሶ አደር ላይ ይወድቃል።

በመሆኑም በመስኖ የሚያለሙ ነዋሪዎች ከበጋው ወቅት በፊት የሚከተሉትን ለቀበሌያቸው የልማት ሠራተኛ ወይም ለመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራቸው ቢያስታውቁ ተጠቃሚ ይሆናሉ፦

• በመስኖ የሚለማው መሬት ስፋት፤
• የሚዘራው ሰብልና የሚዘራበት ወር፤
• የውኃው ምንጭ (ወንዝ፣ ምንጭ ወይም ጉድጓድ)፤
• ውኃው የሚጠለፍበት መንገድ (ቦይ ወይም የሞተር ፓምፕ)።

በሞተር ፓምፕ የሚጠቀሙ ወይም መስኖአቸውን ለማስፋፋት ያቀዱ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የወረዳቸውን የውኃ ጽሕፈት ቤት ሊጠይቁ ይገባል።